ታደሰ አዲስ ሰው የሚሆንበት ሳምንት

ሰኞ

ባሌ ታደሰ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰው ሊሆን ነው። አምስት ቀን ይበቃል ብለውታል። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ታግዬ ካልሲውን እንኳ ከአልጋ ሥር ማስነሳት አልቻልኩም።

ሴሚናሩ የሚካሄደው እዚሁ ጎባ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከሦስተኛ ክፍል የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ። እኔ ማባዛት አስተምራለሁ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ፤ የእኔዎቹም ልጆች ተቀብለው ያጨበጭባሉ። ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት እንደሆነ ዛሬ ሳይታወቅ ቀረ።

እራት ላይ ታደሰ የአሰልጣኙን ቃል እየደገመ በላ። አሰልጣኙ ጓድ ጀማል ይባላል፤ የሮቤ ልጅ ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ። ሴሚናሩን የጨረሰ ሰው ፍርሃት ይለቀዋል፣ ዕድገት ያገኛል፣ ትዳሩ ይጸናል። አንዲት የዶዶላ ሴት ጨጓራዋ ሳይቀር ተሽሏታል አሉ።

"ሴትዮዋን አያችኋት?" አልኩት።

"አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ" አለኝ።

ማክሰኞ

እያንዳንዱ ሰልጣኝ ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ሰው ማምጣት አለበት። ታደሰንም ያስገባው የቢሮ ጓደኛው ነው። አንዷ አንቺ ነሽ አለኝ። ሁለተኛውን ስትፈልግ የመጀመሪያዋንም አብረህ ፈልግ አልኩት።

ከነጋዴው ተወክለው የገቡት ሐጂ አደም ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ። እዚያ ውስጥ "ጓድ አደም" ይሏቸዋል። በዕረፍት ሰዓት በር ላይ አገኘኋቸው።

"አከም ጅርታ ልጄ?"

"ደህና ነኝ ሐጂ። ሴሚናሩ እንዴት ይዞዎታል?"

"ወንበሩ ጥሩ ነው" አሉኝ።

ረቡዕ

ነገሩ ዛሬ ተገለጠልኝ። ዓርብ ሁሉም በየቤተሰቡ ፊት ቆሞ ግለሂስ ያደርጋል። የደበቀውን ይናገራል። ትንሽ ነገር አይቆጠርም። "ከባዱን ያወረደ ቀሎት ይሄዳል" ብሏቸዋል ጓድ ጀማል። ትናንት አንዱ ለልምምድ ተነሥቶ ጎረቤቱ እህል መደበቋን ተናገረ። ቆመው አጨበጨቡለት፤ እኔም በግድግዳው ሰምቼዋለሁ። ሴትዮዋ ዛሬ ቀበሌ ተጠርታለች።

ታደሰ ይህን ሲነግረኝ ምን እንደሚያስብ ገባኝ። በቤታችን ከባድ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሜ ሰለሞን። ለውትድርና ሲፈለግ ጠፋ። ሃረና ጫካ ውስጥ፣ ቡና ለቃሚዎች ዘንድ ነው። ያስጠጉት የሐጂ አደም ዘመዶች ናቸው። ከዚህ በላይ እዚህም አልጽፍም።

"ሰለሞንን እንዳታነሣ" አልኩት።

"ማንን አነሣሁ? ግን እስከ መቼ ነው በውሸት የምንኖረው?"

ይህ የእሱ አነጋገር አይደለም። ታደሰ "እስከ መቼ" ሲል የማውቀው በደመወዝ ጉዳይ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ያደረግሁት ሁሉ፦ ለመንኩት። አኮረፍኩት። ዶሮ ሠራሁለት። ዶሮውን በላ። ፍርሃት ለቆኛል ይለኛል። እኔ የምፈልገው ትንሽ እንዲፈራ ነው።

የሴሚናሩን ሰዎች ጠላኋቸው። ቤቴ ገብተው ባሌን ወስደው እሱን የመሰለ ሰው መለሱልኝ።

ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ሐጂ ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርቅ ማጠፋቸውን አላቋረጡም።

"ባልሽ ሽማግሌ ሲመርቅ አሚን ይላል?" አሉኝ።

"ይላል፤ የጎባ ልጅ አይደል?"

"እንግዲያ ረቢ ያውቃል" አሉ ፈጣሪን ጠርተው። እኔ ግን ምንም አልገባኝም። ተናድጄ ወጣሁ።

ዓርብ

ታደሰ ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቤተሰብ የተጠራው ለፍቅር አይደለም፤ የሚቀጥለው ዙር ምልምሎች እኛው ነን። ሦስት ሰዎች ተናዘዙ። አንዷ አለቀሰች፣ ተጨበጨበላት። ከዚያ "ጓድ ታደሰ" ተባለ። ባሌ ተነሣ። ፍርሃት የለቀቀው ሰው የኮቱን ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ይቆልፋል።

ሐጂ አደም ከፊቱ ብድግ አሉ። "በዕድሜ እኔ እቀድማለሁ።"

ጓድ ጀማል ሽማግሌ ሊያስቀምጥ አልደፈረም። "እሺ፣ ጓድ አደም፣ ግለሂስዎን ያቅርቡ።"

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ረቢ ነጋ ኑፍ ሃኬኑ፣ ሰላሙን ይስጠን።"

እዚህ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ የሚያቋርጥ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ "አሚን" አለ። ለዝናቡ መረቁ። ለገብሱ፣ ለላሞቹ፣ ለነፍሰ ጡሮች መረቁ። የጓድ ጀማልን እናት በስማቸው ጠርተው ዕድሜ ለመኑላቸው። የጓድ ጀማልም መዳፍ ተዘርግቶ አየሁት። አሚን አለ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በሜዳ ያለውንም በጫካ ያለውንም ልጅ ረቢ ከክፉ ሸሽጎ ለእናቱ ቤት ያብቃው። አሚን ብሎ የካደን አሚኑ ይጠይቀው።"

እኔ የማየው ታደሰን ብቻ ነበር። አሚን ለማለት ዘገየ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አለ።

አሚን ያለበትን ምርቃት ያፈረሰ ሰው ከብቱ አይረባም፣ ቤቱ አይቆምም ይባላል። እኔ የአሮጊት ወሬ ነው እል ነበር። ዛሬ ግን ከአሮጊቶቹ በላይ አመንኩ።

"ግለሂሱስ ሐጂ?" አለ ጀማል፤ "ጓድ" ማለቱን ረስቶታል።

"ጁምዓ ደረሰ፤ ሌላ ጊዜ" ብለው ወጡ። ግማሹ አዳራሽ ተከተላቸው።

ታደሰ እንደ ቆመ ቀርቷል። "ሚስቴን በሴሚናሩ ወሬ አሰልችቻታለሁ" አለ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለኝም።"

ማንም አላጨበጨበም። እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ

ጓድ ጀማል "አልተከፈትክም፤ ሁለተኛውን ዙር ትደግማለህ" ብሎታል። መቼ እንደሚጀመር አልነገረውም። ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም።

ታደሰ ረፋዱን ቁም ሣጥን ሲበረብር ቆየ። በኋላ ወፍራም ሹራቡን አጥፎ አመጣ።

"ሃረና ይበርዳል?"

"ይዘንባል እንጂ ከጎባ አይብስም።"

"ቢሆንም" አለ።

ወስጄ ለሐጂ ሰጠኋቸው። ማን እንደላከው ነገርኳቸው። ከጨርቃቸው መሐል ሸጎጡትና ስለ ገበያው መቀዝቀዝ ያወሩኝ ጀመር።

ቤት ስመለስ አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካልሲው እዚያው ነው። ዛሬ አልተቆጣሁም።