የማማው መብራት

ይድረስ ለምላሳሟ የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ አለቃ በቀር ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም ነኝ።

ማክሰኞ ማሳ ላይ ጸረ-ተባይ ረጭቼ ስመለስ የትንሿ አውሮፕላኔ ሬዲዮ ጸጥ አለ። ነካካሁት፣ ሰደብኩት፤ ወይ ፍንክች! ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ማማውን እየዞርኩ መብራት ጠበቅሁ። አረንጓዴ ውረድ፣ ቀይ ጠብቅ ነው። አለቃው ሲያበራልኝ ክንፌን ወዝወዝ አድርጌ አመሰገንኩና ወረድኩ። መንደርደሪያው ላይ የቆመ ሌላ አውሮፕላን ለጥቂት ሳልገጨው አለፍኩ።

አለቃው እየሮጠ መጣ። «ቀይ እኮ ነው ያበራሁልህ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«መብራትህን ወልውል፣ ጉረኛ!» አልኩት። ገላጋይ ባይገባ አንገቱን አንቄው ነበር። ቂመኛው ለዓይን ምርመራ ጻፈብኝ፤ በወር ውስጥ ካላለፍኩ መብረር የለም።

እናትሽ ደህና ናት። አረንጓዴ ክር ግዛልኝ ብላ የገዛሁላትን ግን «ይሄ ምኑ ነው አረንጓዴ?» ብላ ወረወረችብኝ። እሷና አለቃው ሳይመካከሩ አይቀሩም።

ይልቅ አንቺ ለአብራሪነት ስትቀጠሪ ዓይንሽን የተፈተንሽባት፣ ቁጥር በቀለም ነጠብጣብ የተደበቀባት መጽሐፍ አለች አይደል? የየገጹን ቁጥር በተራ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለጨዋታ ያህል ነው። ግን ቶሎ ይድረሰኝ።

በሰማይም በምድርም ሰላምሽ ይብዛ።

አጎትሽ