ስለ ሰው በዝግ፣ ስለ ሥራ በግልጽ

ፕሎቭዲቭ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023

ለምሳሳልሽ ልጄ ለራሊትሳ፣

ሮተርዳም እንዴት ይዞሻል? ብርዱ ጀመረ? እኛ ሰሞኑን በረንዳ ላይ ቀይ ቃሪያ ስንጠብስ ነው የከረምነው። አባትሽ ይልጣል፤ እጁ አሁንም ጎበዝ ነው።

የሶፍትዌራችን ኮሚቴ አባል አድርጎ ስለመረጠሽ እንኳን ደስ አለሽ። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ እያነበበ የሚያሰማውን ሶፍትዌር ከአባትሽ ጋር ስንጀምር አንቺ ገና ትድሂ ነበር። ማንም በነጻ ይውሰደው፣ የቻለም ያርመው ብለን ለቀቅነው፤ ዛሬ አንቺም ጠባቂው ሆንሽ።

ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ስለ ሥራ በግልጽ፣ ስለ ሰው በዝግ ነው የምንነጋገረው። አዲስ ተመራጭ ደግሞ የኮሚቴው አባላት ብቻ የሚጽፉበትን የዝግ መድረክ የድሮ ውይይት ሁሉ የማንበብ መብት አለው። ሰኞ ይከፈትልሻል። አባትሽ ከኃላፊነት የወረደበትም እዚያው ነው።

ያኔ ለሕዝብ ያወጣነው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ስፓስ በፈቃዱ ወርዷል፣ እናመሰግነዋለን።» በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ምስጋና የሚወጣው ሰው ሲባረር ስለሆነ ማንም አላመነውም። አንቺም «አባዬን ከገዛ ቤቱ ሲያስወጡት አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ነበር!» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ የምትደውዪው ለእሱ ብቻ ነው። አዎ፣ ተቀምጬ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ልቤን ሰብረሽዋል፣ ልጄ።

ሐሙስ ዕለት ቦንቾ ደወለልኝ። ኮሚቴው ውስጥ ከእኛ ጋር ያረጀው እሱ ብቻ ነው።

«ዮርዳንካ፣ ያንን የስፓስን ውይይት ከመድረኩ ላጥፋው እንዴ? ልጅቷ ታነበዋለች እኮ!»

«ለሌላ ሰው ልጅ የማታደርገውን ለእኔ ልጅ ልታደርግ?»

«አይ አንቺ ሴትዮ! ከብረት ነው እንዴ የተሠራሽው?»

«ብረት ብሆንማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ስለዚህ ውይይቱ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እናቴ ምን አለች ብለሽ የእኔን አታስቀድሚ። መጀመሪያ የአባትሽን አንብቢ፤ ጉዳዩን ወደ መድረኩ ያመጣው ራሱ ነው። መጨረሻው ላይ ስለ አንቺ የለመነን ነገር አለ። ከዚህ በላይ ከመድረኩ ውጭ አልናገርም።

ይኼኛው ግን የመድረኩ ሳይሆን የቤታችን ጉዳይ ነው። ስትደውዪለት አጠገቡ መቀመጤ ያናድድሻል፤ «ያቺ ሴትዮ ዛሬም እያዳመጠችን ነው?» ስትዪው ሰምቻለሁ። የምቀመጠው ስም ሲጠፋበት በሹክሹክታ ላቀብለው ነው። የባልሽን ስም፣ የከተማሽን፣ አንዳንዴም ያንቺን።

እባክሽ ነይ። ስትመጪ በጠዋት ግቢ፤ ጠዋት ይሻለዋል።

ትናንት ቃሪያውን እየላጠ «ኮሚቴው ማንን መረጠ?» አለኝ።

«ራሊትሳን» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። «ጎበዝ ናት፣ ይገባታል» አለ። ቆየት ብሎ ቢላዋውን አስቀመጠና፣ «አባቷ ሰምቷል?» አለኝ።

«ሰምቷል» አልኩት።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደ ቤትሽም ያምጣሽ።

እናትሽ ዮርዳንካ