በክር የታሰረችው ቲማቲም

ቦንጋ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአዳዲስ የአበባና የአትክልት ዝርያዎች አላማጅና አስፋፊ ግብረ ኃይል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ራሴን ስለማጋለጥ

ክቡራን የግብረ ኃይሉ አባላት፣

ሹመታችሁን ያዳብርልኝ፤ ጤናችሁን፣ የመኪናችሁን ጎማና የስብሰባችሁን ሻይ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ከባለቤቴ ከሙባረካ፣ ከጨርቅ ሱቄ፣ ከላስቲክ ቤቴና እናንተ ከሸለማችሁኝ የሞዴል አልሚነት ሰርተፊኬት ጋር እጅግ ደህና ነኝ። ከሁላችን ይልቅ ደህና የሆነው ሰርተፊኬቱ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ስለኖረ ዝናብ አላገኘውም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በየተራ "ተመርቷል" ተብለው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲጓዙ ስለከረሙ፣ እናንተንም እነሱንም ከድካም ላሳርፍ ብዬ ነው።

በመጋቢት ወር የላካችሁት ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። በዚያ ደብዳቤ "በአቶ ሉቅማን ጃፈር የላስቲክ ቤት በተጨባጭ በታየው አመርቂ ውጤት መሠረት" በሰፈራችን የአሥራ አራት ቤተሰብ ጓሮ እስከ ግንቦት ሠላሳ ተመንጥሮ ለላስቲክ ቤት እንዲዘጋጅ፣ ምንጣሮውም ከእኔ አጥር ማዶ ካለው ከእትዬ ወርቅአፈራሁ ጓሮ እንዲጀመር ወስናችኋል። እኔም ግንቦት ስምንት በሚከበረው የመስክ በዓል ላይ ነጭ ካፖርት ለብሼ ምስክርነት እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ምስክርነቴ ይኸውላችሁ፤ ከቀኑ ቀድሜ በመስጠቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በየስብሰባው "ሂስ ከራስ ይጀምራል" እያላችሁ ስላስተማራችሁን ከራሴ እጀምራለሁ፤ እናንተን ወደ ኋላ ማድረጌ ከአክብሮት የመጣ ነው።

አንደኛ፦ እኔ ገበሬ አይደለሁም። አባቴ ከወሎ ነጠላ ተሸክሞ መጥቶ እዚህ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ እኔም ቦንጋ ተወልጄ አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከአቡጀዴ በቀር ዘርግቼ የማውቀው ነገር የለም። ሆኖም በመጋቢት 2004 ባለሙያችሁ አቶ ከፈለኝ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው የአዳዲሶቹን ዝርያዎች ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሲያሳዩን፣ ግንዱ ክንድ የሚያህል ጽጌረዳ፣ እንደ ሙስባሃ ዶቃ ተደርድሮ የተንጠለጠለ ቲማቲም፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ኪያር ሳይ፣ "ማነው ደፋር?" ብለው ሳይጨርሱ እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። አዳራሹን የሞላው ሰው በሙሉ ገበሬ ነበር፤ ከእነሱ አንድም እጅ አልተነሣም። ያን ጊዜ ይህ ኋላ ቀርነት መስሎኝ በውስጤ አዝኜላቸው ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእኔ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ የላስቲክ ቤት እርጥበት እንደሚጠብቅ በመመሪያችሁ ገጽ ሁለት ላይ በወፍራም ፊደል ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ ይጠብቃል። በቦንጋ ግን እርጥበት ጠባቂ ፈልጎ አያውቅም። እኛ ያጠብነውን ሸሚዝ በሳምንቱ ደረቀ ብለን የምንመሰጋገን ሰዎች፣ ሰማይ ሳያንሰን ላስቲክ ጨምረን ላብ የሚያልበው ቤት ሠራን። ቲማቲሙ ሳያብብ ቅጠሉ ጠቆረ። ጽጌረዳው አራት አበባ ሰጠ፤ ልክድ አልችልም፣ አራቱም ያምሩ ነበር። በቅዳሜ ገበያ ይዤያቸው ስቆም አንድ ሽማግሌ ቀርበው "ይቀቀላል ወይስ በጥሬው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የሚሸተት መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። አሸተቱት፣ መለሱልኝ፣ አመስግነውኝ ሄዱ። በዚያ ቀን ያገኘሁት ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው የእኔ የብቻዬ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም። በዚያው የአዳራሽ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "ንብ የማይገባበት ቤት እንዴት አድርጎ ያፈራል?" ብዬ ጠይቄ ነበር። አቶ ከፈለኝ "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይያዝልን" አሉ፤ ተያዘም፤ በቃለ ጉባኤው አምስተኛ ተራ ላይ ይገኛል። መልሱን እየጠበቅሁ ሳለ ኪያሩ አበበ። በከፋ ምድር ላደገ ሰው አበባ አይቶ ንብ አለማየት ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽራ እንደማጣት ነው፤ ጨርቅ ነጋዴም ብሆን ልቤ አላስችለኝ አለ። እትዬ ወርቅአፈራሁ ዘንድ ሄጄ፣ ጓሯቸው ካለው ዋንዛ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች አንዱን አዋሱኝ አልኳቸው። "ሉቅማን ልጄ፣ ንብ ደጅ ያደገ ፍጥረት ነው፣ በላስቲክ አትዝጋበት፣ ይሞትብሃል" አሉኝ። ይህን ብለው ግን አወሱኝ፤ ጎረቤት ናቸውና። ንቦቹ እንዳይደብራቸው ብዬ ደግሞ ከገበያ ያገኘሁትን ተራ ኪያር ከአዲሱ ዝርያ ጎን በዳር በዳሩ ተከልኩላቸው።

ከንቦቹ ግማሾቹ ከላስቲኩ ጋር እየተጋጩ አለቁ። የቀሩት በትጋት ሠሩ፤ አንደኛዋም ለክትትል የመጡትን የአቶ ከፈለኝን የዓይን ሽፋን ነድፋ ለአንድ ሳምንት በአንድ ዓይን እንዲከታተሉ አድርጋለች። ኪያሩ አፈራ። እያንዳንዱ ከጫፉ እንደ ቅል ያበጠ፣ ውስጡ ፍሬ ብቻ፣ ጣዕሙ ሬት ሆነ። ጥያቄዬ በተያዘ በአሥራ አንደኛው ወር መልሳችሁ በማኅተም ተረጋግጦ ደረሰኝ፦ ይህ የኪያር ዝርያ ያለ ንብ እንዲያፈራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ ንብ አበባውን ከነካው ፍሬው ይበላሻል፤ ስለዚህ ንብ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረግ። ከልብ አመሰግናለሁ። በማር ሀገር ንብ አስገብቶ አዝመራ ያበላሸ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን ጠይቄ አላገኘሁም፤ ካለ እባካችሁ አስተዋውቁኝ፣ ማኅበር እንመሠርታለን።

አራተኛውን ልተወው ፈልጌ ሁለት ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነውና አልተውም።

በጥር 2005 የበላይ እንግዶቻችሁ የላስቲክ ቤቴን ሊጎበኙ ሲሉ፣ አቶ ከፈለኝ በሁለት ቀን ቀድመው መጥተው ውስጡን አዩ። አንድ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ራሳቸውን ይዘው "አለቀልኝ፣ በቀጣዩ ግምገማ እኔን ነው የሚበሉኝ" አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዘዴውን ያመጡትም እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በፀሐይ የነጣውን የጨርቅ ጎን ወደ ውስጥ አጥፌ ያልነጣውን ለገበያተኛ ሳሳይ የኖርኩ ሰው፣ ማሳየት ምን እንደሆነ ግብረ ኃይል ሊያስተምረኝ አይችልም። አጥሩ ጋ ሄድኩና እትዬ ወርቅአፈራሁን "እንግዳ አለብኝ" ብዬ ከቲማቲማቸው ሁለት ቅርጫት ለመንኳቸው። ቲማቲማቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎድን ጎድን ያለው፣ በአናቱ ላይ ቢጫ አንገትጌ የመሰለ ቀለበት ያለው ነው። "ለእንግዳ ከሆነማ የበሰለ የበሰለውን" ብለው መርጠው ሰጡኝ።

በጉብኝቱ ቀን ጠዋት ከሙባረካ የስፌት ሣጥን አረንጓዴ ክር ወስጄ፣ እኔና አቶ ከፈለኝ ቲማቲሞቹን ከጠወለገው ተክል ላይ አንድ በአንድ አሰርናቸው። እሳቸው ቋጠሮ ይችሉበታል፤ ብቻ በጣም ከፍ አድርገው ስለሚያስሩ "ጋሼ፣ ቲማቲም እዚያ ጋ አይወጣም" እያልኩ አወርድ ነበር። ሙባረካ በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና "እናንተ ሰዎች፣ አላህን ባትፈሩ ጎረቤት አትፈሩም?" ብላን ገባች።

እንግዶቹ መጡ። ዋናው እንግዳ አንዷን ቀጠፉ፤ ከነክሯ መጣች። "ይህ ምንድነው?" ሲሉ አቶ ከፈለኝ "ድጋፍ ነው፣ ክቡርነትዎ" አሉ፤ በሕይወታቸው ከዚያ የበለጠ እውነት የተናገሩ አይመስለኝም። እንግዳው ገመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ "ዋናው ነገር ዝርያ ነው!" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እትዬ ወርቅአፈራሁም በአጥሩ ላይ አሻግረው ሲያዩ ነበርና እሳቸውም አጨበጨቡ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። እንግዳው ስድስት ቲማቲም ለናሙና በወረቀት አስጠቅልለው ሄዱ፤ ለእኔ ሰርተፊኬቱ ተሰጠኝ።

እንግዲህ "በተጨባጭ የታየው አመርቂ ውጤት" ይኸው ነው። የታየው እውነት ነው፤ የታሰረው ግን እኔ ጋ፣ የበቀለው አጥር ማዶ ነው። በዚያ ውጤት መሠረት ይመንጠር ያላችሁትም የበቀለበትን ነው።

የእትዬ ወርቅአፈራሁ ባል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ የኖሩት በዚያ ጓሮ ነው። እንሰታቸው አለ፣ ከዋንዛው ሥር ኮረሪማው አለ፣ ቀፎው አለ፣ በአጥሩ ጥግ ቲማቲሙ አለ። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሾርባችን ቲማቲም ሳይልኩልን ያለፉበት ዓመት የለም። የቀበሌው ሰው ደብዳቤያችሁን ቆሞ ሲያነብላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ዋንዛው ላስቲኩ ውስጥ ይገባል?" ስለ ክሩ ለእኔ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥራቸው በኩል ማለፍ አቅቶኝ፣ በአስፋልቱ ዞሬ ነው ሱቄ የምደርሰው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ካፖርቱን ልለብስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አፍሬያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የማዕረግ ቃል አላገኘሁለትም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። የአሥራ አራቱ ቤተሰብ ስም ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ሰርተፊኬቴን ከነፍሬሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ መስታወቱ ትንሽ ቢሰነጠቅም ማኅተሙ ደህና ነው። ላስቲኩንም ውሰዱልኝ፤ ዝናብ ላጠረው ሀገር ይጠቅማል። ተጠያቂ ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ አቶ ከፈለኝን በቋጠሯቸው ቋጠሮዎች ልክ ብቻ ጠይቋቸው። ይህ ካልሆነ ግን ግንቦት ስምንት ቀን ያለ ካፖርት መድረኩ ላይ እወጣና ይህንኑ ቃል በቃል አነበዋለሁ፤ አረንጓዴው ክርም ኪሴ ውስጥ ይኖራል።

በመጨረሻም፣ ጨርቅ ነጋዴ ሳለሁ በአንድ ወቅት ሞዴል ስላደረጋችሁኝ፣ ኪያራችሁ ንብ እንደማይወድ በአሥራ አንድ ወር ስላስተማራችሁኝ፣ ያላፈራሁትንም እንዳፈራሁ አድርጋችሁ ስላጨበጨባችሁልኝ፣ ምስጋናዬ ከላስቲክ ቤቴ እርጥበት ይበልጣል።

ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣
የሰርተፊኬቱ የቀድሞ ባለቤት፣ የኪያር አጥፊ፣ የቲማቲም አሳሪና የእትዬ ወርቅአፈራሁ ባለዕዳ ጎረቤት፣

ሉቅማን ጃፈር
ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቦንጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በታኅሣሥ ወር "በግብረ ኃይሉ የተመረጠ፣ ለላስቲክ ቤት ተስማሚ፣ ቁጥር ሰባት አዲስ የቲማቲም ዝርያ" የሚል በወርቃማ ፊደል የታተመ የዘር ፖስታ ልካችሁልኝ ነበር። ላስቲክ ቤቱ ስለሻገተ፣ መመሪያችሁን ጥሼ ደጅ፣ ከላስቲክ ቤቱ ጎን ዘራሁት። ባለፈው ሳምንት ቀላ፤ ጎድን ጎድን ያለ፣ አናቱ ላይ ቢጫ አንገትጌ ያለው። ስንት ጊዜ ከሸሸሁት አጥር ጋ ሄጄ አንዷን ለእትዬ ወርቅአፈራሁ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አገላብጠው አዩዋትና "ይቺማ የእኔ ናት፤ የት ሄዳ መጣች?" አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለእናንተ በጽሑፍ ይኸው አቅርቤያለሁ፤ እንደ ንቡ ጥያቄ አሥራ አንድ ወር ከቆየ ግን፣ መልሱ ሲመጣ የሚዘራበት ጓሮ አያገኝም።