በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያቆምኩሽ ቀን

የሺዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ የምልሽ አፌ ልማዱን አልተው ስላለኝ ነው እንጂ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፈ አላጣሁትም።

ቤታችን እንዳለ ነው። በእህል የለወጥሽውን በር በቆርቆሮ ተክቼዋለሁ፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር እየተንኳኳ ያናድደኛል። መሬቱ የኛ ሆኗል፤ አዋጁን አደባባይ አንብበውልናል። ዘንድሮ ዝናቡም አልሰሰተም። በሬ ግን የለም፣ አንቺም የለሽም፤ ታዲያ ምን ላድርገው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይህንኑ ነው።

እህሉ ሲያልቅ እኔ ባልሽ በየአገሩ እየዞርኩ ፊልም ከማሳይበት የሲኒማ መኪና ጋር ደሴ ነበርኩ። "ለሰው ሁሉ ብርሃን ታበራለህ፣ ቤትህ ግን ኩራዝ ነው" እያልሽ ትተርቢኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ስመለስ ከጎረቤት ጋር በእግርሽ ወደ ረሃብተኞች መጠለያ ወርደሽ፣ እዚያው መቀበርሽን ነገሩኝ።

እርምሽንም ሳናወጣ ቀረን። በሩቅ ለሞተ ሰው ልብሱ ወይም ፎቶው ወጥቶ ይለቀስበታል። ያንቺ ቀሚስ ተሽጧል፤ ፎቶ ደግሞ መቼ ትነሺና? ካሜራ ባየሽ ቁጥር ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ትስቢ ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ ፊልም ይዘን እዚሁ አገራችን መካነ ሰላም መጣን። በረሃቡ ጊዜ ሙሉ ሆኖ በሩ ሳይከፈት የከረመውን የባላባቱን መጋዘን ታስታውሺዋለሽ? ግድግዳውን ኖራ ቀባነው፤ ድምፅ ማጉያዎቹን ጣሪያው ላይ ሰቀልን። ሲጨልም ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ፊልሙ የረሃቡ ነበር። በመጠለያው የእህል ሰልፍ ላይ ጣሳ የያዘች ሴት ዞር ስትል ነጠላዋ ወደቀ። አንቺ ነሽ። የግድግዳውን ግማሽ አክለሽ ቆምሽ። ድምፅ ማጉያው "ጭቁኗ ገበሬ" አለሽ፣ ስም እንደሌለሽ። ወዲያው ነጠላሽን ስበሽ ተሸፈንሽ።

አገሩ ግን አውቆሽ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ ወደ መኪናው መጥተው፣ "አቦ ልጄ፣ በአላህ፣ መልሳትና አቁምልን፤ ፊቷን አይተን እናልቅስላት" አሉኝ። አብሮን የመጣው ካድሬ አይሆንም አለ። እኔ ድምፁን ዘጋሁና ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ፊልም ከአምፖሉ ፊት አይቆምም፤ ከቆመ ይቃጠላል። አሳምሬ አውቅ ነበር። ፊትሽ ላይ ስደርስ ግን እጄ አቆመው። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ አስለቃሿ ስምሽን እየጠራች ገጠመችልሽ። ልቀጥለው እልና ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ እላለሁ። ከዚያ ጉንጭሽ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፤ ሰፋና ፊትሽን በላው። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሰው ነጩን ግድግዳ እያየ አለቀሰልሽ። እርምሽ ወጣ። እኔ ግን በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት አልወጣልኝም። በገዛ እጄ፣ የሺዬ፤ ያለችኝን አንዲት መልክሽን። ካድሬው በማግስቱ ከሥራ አገደኝ። ከቃጠሎው የተረፈችውን ቁራጭ ፊልም ኪሴ ከትቼ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ይዤ ሳያት ነጠላሽን የሳብሽባት ናት።

እንግዲህ ፊትሽን በቃል አጠናዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እማማ ዘሃራ ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ሰፊ ግንባር፣ ጫፏ የተሸረፈች ጥርስ፣ ከግራ ቅንድብሽ በላይ ጠባሳ። ትናንት "የለም፣ በቀኝ ነበር" አሉኝ። ተቆጥቼ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

በግራ ነው፣ የሺዬ። አልረሳሁትም፤ እስክሞት ድረስ በግራ ነው።