ምላሴን ያልያዙት ስሞች

አል-ሳሃፋ፣ ካርቱም
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለናፈቅሁሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ገዳሪፍ ትንኙ እንደሚብስ ስለማውቅ አጎበርሽን ለእንግዳ እየሰጠሽ እንዳትተኚ። የደም ግፊት መድኃኒትሽንም ለጎረቤት አታካፍዪ፤ አውቅሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ስልክ አታነሺም ብለሽ በድምፅ መልእክት ተቆጥተሽኛል። ኔትወርኩ ነው። ደግሞ ስጽፍ እንደማልንተባተብ ታውቂያለሽ፤ ሐሳቤን እስከ ጫፉ የምናገረው በወረቀት ብቻ ነው። ነገ ጠዋት የቢሯችን ናርዶስ በአውቶቡስ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ቤታችን ቆሟል። በርና መስኮቱን ወስደውታል፤ ግድግዳው አለ። በእኛ መንገድ ካሉት ሃያ ቤቶች ሰው የተመለሰባቸው ሦስት ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ ሁለት መንገድ ማዶ ሰው ሲያስል ይሰማል። እኔም አንዳንዴ ያሳለው ሰው ማን እንደሆነ ለማየት እወጣለሁ፣ ግን አላገኘውም።

ሥራዬን ነግሬሻለሁ። ማኅበራችን በጦርነቱ የጠፉ ኢትዮጵያውያንን ስም ይመዘግባል፣ ያፈላልጋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተገኘውን ለቤተሰብ በአዳራሽ ያቀርባል። መምጣት ያልቻለው በስልክ ይሰማል፤ ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ድምፃቸውን እንከፍታለን። የሚያቀርቡት አቶ ጀምበሬ ነበሩ። እሳቸው ልጃቸው ጋ ፖርት ሱዳን ሲሄዱ ኃላፊያችን እትዬ ሬሕማ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። እኚህ የሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ ቪላዎች ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገሉ ወሎዬ ናቸው፤ እምቢ የሚላቸው ሰው ገና አልተወለደም። ተብታባ ነኝ አልኳቸው፤ እሷን ለማለት እንኳ የወሰደብኝን ጊዜ አንቺ ገምቺው። እስክጨርስ ጠብቀው፣ ሰዉ ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቋል፣ አንቺን አምስት ደቂቃ መጠበቅ አያቅተውም፣ ያላ ሂጂና ተለማመጂ አሉኝ።

በልጅነቴ በኮሚኒቲው ትምህርት ቤት ስለ አባይ እንዳቀርብ ሰሌዳው ፊት አቁመውኝ፣ ገና «አ» ላይ እያለሁ ደወል የተደወለብኝን ቀን መቼም አትረሺውም። የሳቁብኝን ሦስት ልጆች ዘርይሁን መትቶ አንቺ ነሽ ይቅርታ የጠየቅሽው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። የሚገርመው በዓለም ላይ ካሉ ስሞች ሁሉ አብዝቶ የሚይዘኝ የዚያው የወንድሜ ስም ነበር።

እንግዲህ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆሜ ዝርዝሩን ለግድግዳ ማንበብ ጀመርኩ። ስሞቹ እንደ ወትሮው ያዙኝ፤ ባዶ ቤት ስለሆነ መንተባተቤንም መልሶ ያስተጋባዋል። የኔነሽ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ስሙ ወጣ። በቀላሉ ወጣ ማለቴ አይደለም። ልክ ፊቴ የቆመ ሰው ከአፌ የተቀበለኝ ነው የመሰለኝ፤ ግድግዳውም ያን ስም አላስተጋባውም። ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። የዚያን ቀን አልፈራሁም፣ ሊለቀኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን የየኔነሽ መቃብር አርካዊት ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ መገኘቱ ተነገረን።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤልያብ የሚባል ሾፌር ስም እንዲሁ ወጣ፤ የሱም ሬሳ ተገኘ። ከዚያ ሌሎች ሁለት። የያዙኝ ስሞች ባለቤቶች ግን አንዳንዶቹ ከጁባ፣ አንዳንዶቹ ከካይሮ ደወሉ። ፈርቼ ለእትዬ ሬሕማ ነገርኳቸው። ስህተቴ በራቸውን ሳልዘጋ መናገሬ ነው፤ ወሬው ካንቺ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም።

ራሴም ማመን አልፈለግሁም። ዝርዝሩ ላይ ሁስና የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ካይሮ የሸሹት አሠሪዎቿ ደውለው ነው ያስመዘገቧት። ስሟ ሳይዘኝ ወጣ። ባለፈው ሰኞ ያቺው ሴትዮ በእግሯ ቢሮ ገባች! ካፉሪ ካለው ከአሠሪዎቿ ቪላ፣ ቤቱን ስትጠብቅ ከርማ። እማዬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተነስቼ አቀፍኳት፣ አለቀስኩባት። ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ሞኝ ነኝ ማለት ነው ብዬ፣ እዚያው ለእትዬ ሬሕማ ሐሙስ አቀርባለሁ አልኳቸው።

ቅጹን ልሞላላት ሁስና ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ። ስሜ ምንዳዬ ነው አለች። ሁስና ማለት ከእሷ በፊት እዚያ ቤት የነበረችው ሠራተኛ ናት፤ ታማ እዚያው የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው የሞተችው። እመቤቲቱ አዲስ ስም መልመድ ስለሰለቻቸው ምንዳዬንም ሁስና ብለው ጠሯት፣ እሷም ስድስት ዓመት አቤት አለች። እትዬ ሬሕማን ምንም አልደነቃቸውም። እኔም አራት ዓመት ሉጥፊያ ነበርኩ አሉ፣ ሉጥፊያ የት እንደደረሰች ግን ጠይቄ አላውቅም አሉ።

ምንዳዬ ብዬ የጻፍኩትን ላነብላት ስል «ም» ላይ ተያዝኩ። አንገቴ እስኪገተር ተያዝኩ። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች ጠበቀችኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የልጄን ስም ጥሪውና የሆነውን ንገሪኝ ብለሻል። ከዚህ በላይ የሬሳ ወሬ መጠበቅ አልችልም ብለሽ አልቅሰሻል፤ መልእክቱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዘርይሁን ቤቱን ለሌባ አልተውም ብሎ ሲቀር እኔና አንቺ ነን አውቶቡስ ላይ ሆነን እጅ ያወዛወዝንለት። ስሙ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያስመዘገብሽው ራስሽ ነሽ።

ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። ምላሴን ሰበብ አድርጌ ልተወው ነበር፤ እትዬ ሬሕማም ባትችዪ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብለውኛል። ግን ብቀር አንቺ የቀረሁበትን ምክንያት ራስሽ ትፈቺዋለሽ፣ አንድ ቀንም እህል አትቀምሺም። ስለዚህ አቀርባለሁ። ሰው ይሳቅ፣ ግድ የለኝም፤ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ አንቺ እንድትሰሚኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ጠብቂኝ። ዘርይሁን ላይ ስደርስ ክፉኛ ነው የሚይዘኝ። «ዘ» ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ትንፋሼም ይቆራረጣል፤ አትደንግጪ፣ እንደ ልማድሽም ቀድመሽ አትጨርሺልኝ። እስኪወጣልኝ ታገሺኝ፣ ከዚያ ደስ ብሎሽ እራትሽን ብዪ።

ትናንት ሳሎን ውስጥ የዘርይሁንን ስም ስለማመድ እትዬ ሬሕማ ሳይታወቀኝ ገብተው በሩ ጋ ቆመው ሰምተውኛል። እንደ ወትሯቸው ያላ አላሉኝም። ጠጋ ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ሌላውን ስም ትቼ እሱ ላይ ብቻ ነው የሠራሁት፤ መጀመሪያ አልመጣልኝም ነበር፣ አሁን ግን አንቺ እንኳ ብትሰሚው ከድሮው አያያዜ አትለዪውም።

በጸሎትሽ አትርሺኝ። አምላክ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ክፉ ወሬ በደጅሽ አይለፍ፣ ለኛ ለልጆችሽ ብሎ ያቆይሽ።

ታናሿ ልጅሽ