ከውሃው በኋላ ያለው ዳገት

ጥር 28
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። በሩ ላይ የተሰቀለውን የወንድሜን የመጥለቂያ ልብስ ሰው መስሎኝ «ደህና ዋሉ» አልኩት። ወንድሜ ሰምቶኝ ኖሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማዬ፣ ነይ ስሚ! ሬዲዮ ተናገረች!» ሬዲዮ እያለ የሚያሾፍብኝ ስለማልናገር ነው።
ነገ ወደ ተራራው ግድብ ይወስደኛል። የውሃ መውጫው ወንፊት በቅጠል ተደፍኗል፤ ጠልቆ ያጸዳዋል። እኔ ገመዱን እይዛለሁ። አንዴ ከሳበ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከሳበ ልቀቂልኝ፣ ሦስቴ ከሳበ አውጪኝ። ሰው ሁሉ እንደዚህ ቢያወራ ምን ነበረበት?

ጥር 29
ካልጻፍኩት ውሸት ይመስለኛል...
ግድቡ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ተራራ ከቦታል። ወንድሜ ጠዋት ጠለቀ። ከሰዓትም ደገመ፣ ታች ብዙ ቆየ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ገመዱ አንዴ ይሳባል፣ እኔም አንዴ እስባለሁ። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ ይስቅ ነበር። ምንም አልሆነም። ምንም!
መጥለቅ ያስተማሩት ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። ዕቃ ስንሰበስብ፣ «ዛሬ እዚሁ እደር» አሉት። «አሁን ዳገቱን ከወጣህ፣ ታች የተነፈስከው አየር ደምህ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ነገ ትሄዳለህ።»
«መምህር፣ የዋንጫ ጨዋታ አለ እኮ!»
«እዚህም ሬዲዮ አለ፣ ስማው።»
ወንድሜ ወደ እኔ ጠቆመ። «የኛዋ ሬዲዮ ኳስ አታስተላልፍም።»
ተሳሳቁ። ሊወስደን የመጣው አጎቴ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባውን ያንባርቃል። «ና ግባ፣ አመለጠን!»
ገባን።
ዳገቱ ላይ ወንድሜ ጉልበቴን አመመኝ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ አለ። አጎቴ «አርጅተሃል በለኛ!» አለው። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን የብስኩት እሽግ አያለሁ። ስንነሳ ጠፍጣፋ ነበር። ከፍ ባልን ቁጥር ያብጣል... ማንም ሳይነካው! እንደ ትራስ ተነፋ። እሽጉን አየሁ፣ ወንድሜን አየሁ። እንዴት ብዬ ልናገር?
«እግሬን ያዢልኝ እስቲ» አለኝ።
ያዝኩት።
«ያዢው እንጂ!»
ይዤው ነበር እኮ። በሁለት እጄ ይዤው ነበር።
ያኔ ጮህኩ። «ጋሼ፣ ተመለስ! ወደ ታች!»
«ሐኪም ቤቱ ያለው ከተራራው ወዲያ ነው! አብደሻል?»
«ወደ ላይ ከሄድን ይብስበታል!» እሽጉን ፊቱ ላይ ደቀንኩት። «ይሄን አየህ? ደሙ ውስጥ ያለው አየር እንዲህ እያደረገ ነው!»
አጎቴ እሽጉን አየ፣ እኔን አየ። በየትኛችን እንደደነገጠ አላውቅም። መኪናውን አዞረ።
ግድቡ ጋ ስንደርስ መምህሩ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዘው ሮጠው መጡ። ጭንብሉን አፉና አፍንጫው ላይ አደረጉለት። አልተቆጡም። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ።
ውሃው ምንም አላደረገውም። መንገዱ! ኳስ ሊያይ ብሎ...

የካቲት 1
በቆላው መንገድ ዞረን ትልቅ ሐኪም ቤት ደረስን። እንደ በርሜል ያለ የብረት ክፍል ውስጥ አስተኙት። ነርሷ «ግፊቱን ጨምረን እንደገና እንደ ጠለቀ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ቀስ አድርገን እናወጣዋለን» አለችን። ያለ ውሃ መጥለቅ። እንዲህም አለ?
ትንሽ መስኮት አለው። ከውስጥ መስታወቱን በጣቱ አንዴ መታ።
እኔም አንዴ መታሁ።
እማዬ «እግሩስ?» አለች። ሐኪሞቹ «እናያለን» አሉ። እናያለን ማለት ምን ማለት ነው?

የካቲት 3
የቀኝ እግሩ ጣቶች ተነቃነቁ! የግራው... ገና።

የካቲት 19
ቤት ገብተናል። በምርኩዝ ይራመዳል። አጎቴ ይመጣል፣ በር ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ኳስ ትንፍሽ አይልም። እማዬ የመጥለቂያ ልብሱን ከበሩ አንስታዋለች። የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅናትም።
ዛሬ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ቀልድ ያወራልኝ ነበር። ከውሃው እንፋሎት ይወጣል። ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል። እሱ ይስቃል።
«አውጣ! አውጣው!»
ጩኸቴን ጎረቤቷ ሳትቀር ሰምታ መጣች። ወንድሜ እግሩን አውጥቶ የሌላ ሰው እግር ይመስል አየው። ግራ እግሩ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። እሱም ያወቀው ዛሬ ነው።

የካቲት 21
ሳፋውን አቀረብኩለት። ዝቅ ብሎ ውሃውን አየ። አልነካውም። ያን ሁሉ ጥልቀት የወረደ ሰው... ሳፋ ፈራ።
ቀና ብሎ በስሜ ጠራኝ። ሬዲዮ አላለኝም።
«ያቃጥላል?»
እጄን ነከርኩ። እስክናገር ድረስ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ።
«ለብ ያለ ነው» አልኩት። «አስገባ።»