መርዶ ለመብራት ኩባንያው

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን አውቃለሁ፣ ደህና ነህ። ግራ የገባኝ እኔ ነኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ናፍቆቴ ብቻ አይደለም፣ ስለ መብራትም ነው። አትሳቅ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከመስኮታችን ፊት ለፊት የነበረውን ዛፍ ቆረጡት። ሳሎኑ ብርሃን በዛበትና መጋረጃ ቀየርኩ። ወንበርህ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ያጠብኩትን ልብስ እሱ ላይ አጣጥፋለሁ፣ ሰው ሲመጣ አነሳለሁ። ልጃችን ቤቲ ማንሃይም ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ እንደ ድሮው እኔ በአማርኛ፣ እሷ በጀርመንኛ እንግባባለን። ጉባኤያችን ግን ያንተን ተተኪ አላገኘም። በኪራይ አዳራሹ ውስጥ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የመብራት ደብዳቤውን ይዞ ይሰለፍልህ ነበር። አንተ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ የትኛውን ውል ትቶ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ትነግረዋለህ፤ ፓስተሩም የመብራት ወንጌላዊ እያሉ ይቀልዱብሃል። እኔ ደግሞ ካፖርቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ እበሳጫለሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብዬ ባዳመጥኩ።

ባለፈው ወር ከመብራት ኩባንያው ደብዳቤ መጣ። እንደ ሁልጊዜው የተጻፈው ላንተ ነው፣ ያውም በአባትህ ስም፣ «የተከበሩ አቶ ተሰማ» ብሎ። አባቴን እንዴት ቢወዱት ነው በየወሩ የሚጽፉለት እያልክ የምትስቅበት። ለሁለት ዓመት የተዋዋልከው የዋጋ ዋስትና ሊያልቅ ነው ይላል። እኔ «ያልቃል» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዤ ደነገጥኩ። ውሉ ካለቀ መብራቱም ይጠፋል ብዬ ደመደምኩ። ሻማ ገዛሁ። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ከሚበላሽ ብዬ ሁሉንም ወጥ ሠርቼ በሁለት ትልልቅ ድስት ጉባኤ ወሰድኩት። ሰዉ ያንተ ሙት ዓመት ዘግይቶ የተዘጋጀ መሰለው። እያለቀሰ በላ፣ ቆሞም ጸለየልኝ። እውነቱን መናገር አፈርኩና አሜን አልኩ።

ቤቲ ስትደውል ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ «ማማ፣ ዴር ሽትሮም ብላይብት» አለችኝ፤ መብራቱ አይጠፋም ማለቷ ነው። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሚያልቀው ዋጋው አይነካም የተባለበት ጊዜ ነው እንጂ መብራቱ አይደለም። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ውሉ በአዲሱ ዋጋ፣ በጨመረው ማለት ነው፣ ለአንድ ዓመት ራሱን ያድሳል። ያን ካልፈለግኩ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ከመቅረቱ በፊት መሰረዝ ወይም ሌላ ታሪፍ መምረጥ አለብኝ። ሰማያዊውን ኦርድነርህን፣ ወረቀቶችህን የምታስቀምጥበትን፣ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ውሉን በቦታው አገኘሁት፤ መሰረዝ የሚቻልባትን የመጨረሻዋን ቀን ዳር ላይ በእርሳስ ጽፈህ ሁለት ጊዜ አስምረህባታል። ለዚያች ቀን አሥራ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር።

አሁን ለቤቲ ያልነገርኳትን ልንገርህ። ለባንኩም፣ ለጡረታውም፣ ለጤና መድኑም የሞት የምስክር ወረቀትህን የላከችው እሷ ናት። የመብራቱን እኔ እልካለሁ ብዬ ወሰድኩባት፤ አልላክሁም። ሁሉም ስምህን ሰርዘው ነበር። እንዳለህ አድርጎ የሚጽፍልህ የመብራት ኩባንያው ብቻ ቀረ። የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ ስምህን ሳይ ደስ ይለኛል። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል። አሁን ግን ታሪፉን ለመቀየር መሞትህን መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ቢሆንም ደፍሬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ናት። ውሉ በባለቤቴ ስም እንደሆነና ታሪፍ መቀየር እንደምፈልግ ነገርኳት። እንግዲያው እሳቸውን ያገናኙኝ አለችኝ። ታዴ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ሥራዋ ላይ ለተቀመጠች፣ አጠገቧ ማን እንዳለ ለማላውቃት ሴት፣ በድንገት ሰው ሞተ ልበላት? አገር ቤት ሄዷል አልኳት። መቼ እንደምትመለስ ጠየቀችኝ። ይቆያል አልኳት። ችግር የለም፣ ፎልማኽት እልካለሁ፣ እሳቸው ፈርመው ይመልሱልን አለች፤ የውክልና ወረቀት ነው።

ይህን ያስተማርከኝ ደግሞ አንተ ነህ። አባቴ አዲስ አበባ ያረፈ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አውቀህ ደበቅከኝ። ስልኩን ከግድግዳው ነቅለህ ተበላሽቷል አልክ። በሕይወትህ ነክተህ የማታውቀውን ሳህን ስታጥብ ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር፣ ያጠፋኸው ጥፋት መሰለኝ እንጂ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ገባህ። መሬት ስወድቅ የያዘኝ ያንተ እጅ ነው። ያኔ ተቆጥቼህ ነበር፤ አሁን አልቆጣም።

ውክልናው መጣ። ፊርማህ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ምልክት አድርገውበታል። ፊርማህን አውቀዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የምትወጣውን ጭራ ጭምር። ጋዜጣ ዳር ላይ ሞከርኩት። በአራተኛው ቁርጥ ያንተን ሆነ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። በሕይወትህ በፊርማህ ያልዋሸኸውን ከሞትክ በኋላ ላስዋሽህ ነበር፤ ያውም አንተን፣ ትኬት ሳትቆርጥ መሳፈርህ ትዝ ሲልህ ከባቡሩ ወርደህ ማሽኑን የምትፈልገውን ሰው። ጋዜጣውን ቀዳደድኩት። የቀረኝ አራት ቀን ነበር።

ባዶውን ፎርም እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ጋሽ እድሪስ አገኙኝ። ከላያችን ፎቅ የሚኖሩት፣ መጋዘኑ ውስጥ ካንተ ጋር ስንት ዓመት ዕቃ የጫኑት የአስመራው ጓደኛህ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «ይሄ'ኮ መርዶ ነው፣ አስቴር። መርዶ ደግሞ ሄዶ ነው የሚነገረው» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ። በኡ-ባን፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ሄደን ኩባንያው ደንበኞቹን የሚያስተናግድበት ቢሮ ደረስን፤ ገና አልተከፈተም። ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። ጠረጴዛው ጋ ያገኘናት ልጅ የቤቲ እኩያ ትሆናለች። ጋሽ እድሪስ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡና መጀመሪያ ጤንነቷን ጠየቋት። ቀጥለው ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ እኔን አየች፣ ከዚያ አዎ በልቻለሁ አለች። እሳቸው ያን ከሰሙ በኋላ ነው ደንበኛችሁ አቶ ተሰማ፣ የዚች ሴት ባል፣ አርፏል፤ ሳንነግራችሁ ብንቆይ እንዳትቀየሙን ያሏት። ልጅቷ መጻፏን አቆመች። ከወንበሯ ተነስታ «ማይን ባይላይድ»፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ሰው ቤት ለቅሶ ደርሳ የምታውቅ ትመስል ነበር።

የምስክር ወረቀትህን ቅጂ ተቀበለችና ውሉን ወደ እኔ ስም ማዞር እንደምትችል ነገረችኝ። ታሪፎቹን አስረዳችኝ። አንደኛው ይረክሳል፣ ዋጋው ግን በማንኛውም ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ሌላኛው ትንሽ ይወደዳል፣ ለሁለት ዓመት ግን አይነካም። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። አንተ የመረጥከው የማይነካውን ነበርና እሱን መረጥኩ። ልክ ልሁን ልሳሳት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጅቷ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል አለች።

«ሁለት» አልኳት።

ጋሽ እድሪስ ኮፍያቸውን አዩ። ልጅቷም ሳትጽፍ ጠበቀችኝ።

«አንድ» አልኩ።

ታዴ፣ ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ነበርኩ፣ ቀብርህ ላይም ቆሜያለሁ። መርዶህን የሰማሁት ግን ያን ቀን፣ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ነው። ጋሽ እድሪስ አስቀድመው መሐረብ ይዘው ነበር። ለልጅቷ ያዘጋጁት መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ ኖሯል።

አዲሱ ውል ኦርድነርህ ውስጥ፣ ካንተው ውል በላይ ገብቷል። የመጨረሻዋን ቀን ዳር ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜም አሰመርኩባት። አንተንም እንደዚያች ቀን አልዘነጋህም፤ ስምህ ከየወረቀቱ ወጣ ብዬ ከእኔ አላወጣህም።

ከእንግዲህ በስምህ ደብዳቤ የሚልክ ኩባንያ የለም። ስለዚህ የዚህን ፖስታ ጀርባ ባዶ አልተውኩትም። ታደሰ ተሰማ ብዬ፣ ያንተንም የአባትህንም ስም ሞልቼ ጽፌበታለሁ። አሁን ወርጄ የራሳችን ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ነገ ጠዋት ስከፍተው ስምህን አገኘዋለሁ።

ያንተው
አስቴር